ምዕራፍ ሰባት፦ ለምለም ሣርና ሰባቱ ማኅተማት

በምዕራፍ ሁለት ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ምን በምሳሌ እንደሚናገሩ፣ በምዕራፍ ስድስትም ነቢዩ ዳንኤል በምርኮ ምድር ሳለ የዓለምን መንግሥታት ስለ ምን በአራዊት አምሳል እንዳየ ተመልክተናል። እነሆ አሁን ደግሞ ከሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት የመጨረሻው፣ ምእመናንም ከሚወዱት ይልቅ የሚፈሩት ወደ ሆነው ወደ ራእየ ዮሐንስ ደርሰናል። ይህን መጽሐፍ የገለጠ አንባቢ ሰባት ራስ ያለውን ዘንዶ፣ ከጥልቁ ጉድጓድ የሚወጣውን አንበጣ፣ እንደ ደም የሆነውን ባሕር ሲያገኝ፣ አንዳንዱ ደንግጦ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሌላው ደግሞ የትናንቱን ወሬና የዛሬውን ጦርነት ከየምዕራፉ ጋር እያጣበቀ፣ የዓለም ፍጻሜ የሚሆንበትን ቀን ሊቆጥር ይነሣል። ሁለቱም ሰዎች ከመጽሐፉ ሳይጠቀሙ ይቀራሉ።

ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የራእይ ምልክት ትርጉሙን የሚሰጠው ምልክቱን ከጥንት ጀምሮ በሚያውቀው ማኅበር ውስጥ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ነው የሚለው ነው። ይህን ለመረዳት ከሊቃውንት ጉባኤ አስቀድመን በአርባ ምንጭ ከተማ የሆነውን አንድ ነገር እናስብ።

ለምለሙ ሣር ምን ይናገራል

ሴቻ የአርባ ምንጭ ከተማ የላይኛው ክፍል ናት። ከአምባዋ ጫፍ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ሰው በግራው ቀላ ያለውን የአባያን ሐይቅ፣ በቀኙ የጫሞን ሐይቅ፣ በሁለቱም መካከል ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ብሎ የሚጠራውን ጠባብ የተራራ ወገብ ያያል። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች እንደ ተገደሉና እንደ ተፈናቀሉ ወሬው እዚህ በተሰማ ጊዜ፣ ኀዘኑ ወደ ቁጣ፣ ቁጣውም ወደ በቀል ተለውጦ፣ ወጣቶች ምንም ባልበደላቸው ጎረቤት ላይ እጃቸውን ሊያነሡ በተዘጋጁበት ሰዓት፣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቆሙ፤ ሊፈስ የነበረውም ደም ሳይፈስ ቀረ።

ስለ ጋሞ ባህል ምንም ያልሰማ መንገደኛ በዚያ ሰዓት በዚያ ቢያልፍ፣ የሣሩን ዓይነት ቢመረምር፣ ርዝመቱን ቢለካ፣ የተንበረከኩትንም ሰዎች አንድ በአንድ ቢቆጥር፣ ስለ ምን የተቆጣው ሕዝብ እንደ ቆመ ሊገባው አይችልም። በጋሞ ምድር ያደገ ልጅ ግን ሳይነገረው ያውቃል፤ ሣሩ የሰላምና የሕይወት ምልክት ነው፤ የተንበረከከ አባት የመጨረሻውን ልመና የሚለምን አባት ነው፤ ያን አልፎ መራመድም ጎሜ ነው፤ ይኸውም ሰውን ከሰው፣ ሰውንም ከምድርና ከፈጣሪ የሚያጣላ መተላለፍ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሣሩ ላይ አልተጻፈም፤ የተጻፈው አባቶች በዱቡሻ፣ በሸንጎው አደባባይ፣ ሲያስታርቁ ሲያይ ባደገው ሕዝብ ልቡና ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ምልክት የሚነበበው በማኅበሩ ትዝታ ነው፤ ትዝታውን ያጣ ሰው ምልክቱን ቢያይም አያነበውም። ሁለተኛው፣ አባቶች ሣሩን የያዙት በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚሆን ለመተንበይ ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት የወጣቱን እግር ከጥፋት መንገድ ለመመለስ ነው። ራእየ ዮሐንስን ለማንበብ የሚያስፈልገን መሠረት ይህ ነው።

መልእክቱ ለማን ተጻፈ

ዮሐንስ ራእዩን ያየው በፍጥሞ ደሴት በግዞት ሳለ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሄሬኔዎስ እንደሚመሰክረው፣ ዘመኑ የሮሙ ቄሣር ዶሚጥያኖስ ሊሞት የተቃረበበት፣ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር 95 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ዘመን በታናሽ እስያ ከተሞች ለቄሣር ቤተ መቅደስ ይሠራ፣ ዕጣንም ይታጠን ነበር፤ ከገበያውና ከማኅበሩ ላለመለየት የፈለገ ሰው ለቄሣር መስገድን እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረው ነበር። መልእክቱም የተላከው በስም ለተጠቀሱ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እነርሱም ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ትያጥሮን፣ ሰርዴስ፣ ፊልድልፍያና ሎዶቅያ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የነበሩ እውነተኛ ከተሞች ናቸው።

ባለ ራእዩ ለእያንዳንዱ ከተማ ሕዝብ የሚናገረው ሕዝቡ በሚያውቀው ነገር ነው። በሎዶቅያ አጠገብ ሂራፖሊስ ፍል ውኃ፣ ቈላስይስም ቀዝቃዛ ውኃ ነበራቸው፤ ወደ ሎዶቅያ በቦይ የሚመጣው ውኃ ግን ከመንገዱ የተነሣ ሲደርስ ለብ ያለ ነበር ይላሉ ሊቃውንት። ስለዚህ ሎዶቅያዊው ክርስቲያን ለብ ያለ ስለሆነ ሊተፋ የተቃረበ ነው የሚለውን ተግሣጽ በሰማ ጊዜ፣ በየቀኑ የሚጠጣው ውኃ ራሱ ስብከት ሆነበት። ጽሕፈቱን ሰምተው ያለቀሱና የተጽናኑ ሰዎች ከነበሩ፣ መጽሐፉን ለእነርሱ ምንም የማይል፣ ለእኛ ዘመን ብቻ የተሰወረ ምሥጢር አድርገን ልናነበው አይገባንም። ለእነርሱ በመጀመሪያ የተናገረው ለእኛም የሚናገረው በእነርሱ በኩል ነው።

አውሬው ከየት ወጣ

የራእይ ማኅበር ትዝታ ከሁሉ አስቀድሞ ብሉይ ኪዳን ነው። በምዕራፍ ስድስት እንዳየነው፣ ዳንኤል በሰባተኛው ምዕራፍ አራት አራዊት ከባሕር ሲወጡ ያያል፤ የመጀመሪያው አንበሳ፣ ሁለተኛው ድብ፣ ሦስተኛው አራት ራስ ያለው ነብር፣ አራተኛውም አሥር ቀንድ ያለው አስፈሪ አውሬ ነው። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ይቍጠር፤ የአንበሳው አንድ፣ የድቡ አንድ፣ የነብሩ አራት፣ የአራተኛውም አንድ ራስ ቢደመሩ ሰባት ይሆናሉ። ዮሐንስ በ13ኛው ምዕራፍ ከባሕር ሲወጣ ያየው አውሬ ሰባት ራስና አሥር ቀንድ አለው፤ መልኩ ነብር፣ እግሩ የድብ፣ አፉም የአንበሳ ነው። ዳንኤል በየተራ ያያቸው ጨካኞች መንግሥታት ሁሉ በዮሐንስ ዘመን በአንድ አካል ተሰብስበው ታዩ ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው አውሬውን በጫካና በባሕር አይፈልገውም፤ የሰውን ስግደት የሚሻ፣ ድሀውንም የሚውጥ ኃይል በተነሣበት ሁሉ መልኩን ያውቀዋል።

እንዲሁም በ17ኛው ምዕራፍ በሰባት ተራሮች ላይ የተቀመጠችው ባቢሎን ለጊዜው ሮም ናት፤ ባቢሎን ተብላ የተጠራችውም ስለዚህ ነው፤ የጥንቷ ባቢሎን የመጀመሪያውን የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እንዳቃጠለች፣ ሮምም በ70 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን አጥፍታለችና። በቀኝ እጅና በግንባር የሚጻፈው የአውሬው ምልክትም ብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ነው፤ ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ስድስተኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ሕግ በእጅና በዓይኖች መካከል እንዲታሰር መታዘዙን ያስታወሰ አንባቢ፣ እጅ የሥራ፣ ግንባርም የአሳብ ምልክት መሆኑን ያስተውላል። በ14ኛው ምዕራፍ የበጉ ማኅበር የእግዚአብሔርን ስም በግንባሩ ተጽፎበት መታየቱ ይህን ያጸናል። ጥያቄው ሰው በአሳቡና በሥራው የማን ሆኖ ይኖራል የሚል ነው።

በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዓለም የጠበቀችው ታላቅ ሀብት አለ። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ከጠፋ በኋላ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በሃያኛው መቶ ዓመትም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይስጥ ቍርጥራጮቹ ተገኝተው ጥንታዊነቱን መሰከሩ። ከ85ኛው እስከ 90ኛው ምዕራፍ ባለው ሕልም አዳም ነጭ በሬ፣ እስራኤል በጎች፣ ጠላቶቻቸው ደግሞ አራዊትና ነጣቂ አሞራዎች ሆነው ይታያሉ። እንግዲህ በእንስሳ አምሳል ታሪክን መናገር ዮሐንስ የጀመረው አይደለም፤ አባቶቹ የሚያውቁት፣ ሰሚዎቹም የለመዱት አነጋገር ነው።

ቍጥርም ምልክት ነው

በራእይ መጽሐፍ ቍጥር ከሚቈጥረው ይልቅ የሚያመለክተው ይበልጣል። ሰባት የፍጹምነት፣ ዐሥራ ሁለት የሕዝበ እግዚአብሔር ቍጥር ነው፤ 24ቱ ካህናተ ሰማይ የዐሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤልና የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ድምር ሆነው ይተረጐማሉ። 144,000 ደግሞ 12 በ12፣ ያም በ1,000 ተባዝቶ የተገኘ ስለሆነ፣ አንድ እንኳ ሳይጐድል የተሰበሰበ ማኅበር ማለት ነው፤ ባለ ራእዩ ራሱም ይህን ቍጥር ከሰማ በኋላ ዘወር ብሎ ያየው ማንም ሊቈጥረው የማይችል ሕዝብ ነው። 42 ወር፣ 1,260 ቀን፣ ሦስት ዓመት ተኩልም አንድ ዘመን ናቸው፤ የሰባት እኩሌታ በመሆናቸው የመከራው ጊዜ ጐዶሎና የተወሰነ እንደሆነ ያስረዳሉ።

666ንም በዚሁ መንገድ ማየት ይገባል። በዕብራይስጥ እንደ ግሪኩ ሁሉ ፊደል ለቍጥርም ያገለግላል፤ ኔሮን ቄሣር የሚለው ስም በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ ሲደመር 666 ይሆናል። በአንዳንድ የጥንት ቅጂዎች 616 ተጽፎ ተገኝቷል፤ ይህም ስሙ ኔሮ ተብሎ ሲጻፍ፣ ዋጋው 50 የሆነው የመጨረሻው ፊደል ሲወድቅ፣ ከሚገኘው ድምር ጋር ይስማማል። ብዙ ሊቃውንት ስለዚህ በ64 እ.ኤ.አ. ክርስቲያኖችን በሮም ያሳደደውን ኔሮንን ያስባሉ። ይህን ቍጥር በባርኮድ፣ በመታወቂያና በክትባት ውስጥ የሚፈልግ ሰው ሣሩን እንደሚለካው መንገደኛ ነው።

ስለ አንበሳ ሰምቶ በግ አየ

አሁን ወደ መጽሐፉ ልብ ደርሰናል። በአምስተኛው ምዕራፍ በሰባት ማኅተም የታተመ መጽሐፍ በዙፋኑ በተቀመጠው እጅ ይታያል፤ የሚከፍተውም ስለ ታጣ ዮሐንስ ያለቅሳል። ካህናተ ሰማይ ከተባሉት ከ24ቱ ሽማግሌዎች አንዱ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል እንደ ነሣ ይነግረዋል። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የነገሥታታችን ማዕረግ ሆኖ በማኅተማቸው ላይ ተቀርጾ ኖሯልና። ነገር ግን ዮሐንስ አንበሳውን ለማየት ዓይኑን ባነሣ ጊዜ ያየው የታረደ በግ ነው። በጆሮው የሰማው ኃይል በዓይኑ መሥዋዕት ሆኖ ተገለጠለት።

የራእይ መጽሐፍ ምልክት ሁሉ በዚህ መታረም አለበት። መጽሐፉ ድል መንሣትን ደጋግሞ ይናገራል፤ ድሉ ግን በመግደል ሳይሆን ለእውነት መስክሮ በመታገሥ የሚገኝ ነው። በሴቻ በጉልበታቸው የተንበረከኩት አባቶች የቆመውን ጐልማሳ እንዴት እንዳሸነፉ ያሰበ ሰው፣ የታረደው በግ ስለ ምን ማኅተሙን ሊፈታ እንደ ቻለ ለመረዳት ቅርብ ነው።

ማኅተሞቹ ሲፈቱ የሚወጡት አራቱ ፈረሶችም የሩቅ ዘመን እንቈቅልሽ ብቻ አይደሉም። ነጩ፣ ቀዩ፣ ጥቍሩና ሐመሩ ፈረስ ከነቢዩ ዘካርያስ ራእይ ጋር ዝምድና አላቸው፤ የሚያመለክቱትም ወረራን፣ እርስ በርስ መተላለቅን፣ ረኃብንና ሞትን ነው። ጥቍሩን ፈረስ ቀረብ ብለን እንየው። ጋላቢው ሚዛን ይዟል፤ የአንድ ሰው የዕለት ቀለብ የሚሆነው ስንዴ በአንድ ዲናር ይሸጣል፤ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። በዚያው ገንዘብ ሦስት እጥፍ ገብስ ይገኛል፤ ዘይቱና ወይኑ ግን አይነካም። ይህም ማለት ቀኑን ሙሉ የለፋ አባወራ ስንዴ ቢገዛ ራሱን ብቻ ይመግባል፣ ለልጆቹ ቢያስብ ወደ ገብስ ይወርዳል፣ የባለጠጋው ማዕድ ግን እንደ ነበረ ይቀጥላል ማለት ነው። የእህል ዋጋ በናረ ቍጥር ስንዴውን ትቶ ወደ ርካሹ የወረደ ገበያተኛ ለዚህ ስፍራ ሌላ ተርጓሚ አያሻውም።

መቅደሱ ሲተረጕም

ይህ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበብበት ይልቅ የሚታይበት ይበዛል። ቄሱ በማዕጠንት ሲያጥን ጢሱ ወደ ላይ የሚወጣው፣ በአምስተኛውና በስምንተኛው ምዕራፍ ዕጣኑ የቅዱሳን ጸሎት መሆኑን በሚያሳይ ሥርዓት ነው። ኅዳር 8 ቀን ዙፋኑን የሚሸከሙት አርባዕቱ እንስሳ፣ ኅዳር 24 ቀንም ካህናተ ሰማይ በዓላቸው ይከበራል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በኢየሩሳሌም አምሳል መታነጻቸው፣ በመካከላቸውም የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ መባሉ፣ ቅድስት ከተማን በምድር ላይ ለማየት ያለውን ናፍቆት ይመሰክራል።

ሊቃውንቱም ራእዩን የሚተረጕሙት በአንድምታ ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ካሰማና በአማርኛ ከፈታ በኋላ አንድም እያለ ሌላ ምሥጢር ይጨምራል፤ አንዱ ምሥጢር ሌላውን ሳያፈርስ ጐን ለጐን ይቆማል። ይህ ሥርዓት ደቀ መዝሙሩን ትሕትና ያስተምረዋል፤ አንድን ምልክት ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዓመት ብቻ ቸንክሮ ነገሩን ዘጋሁት እንዳይል ይከለክለዋል። በሴቻ ኦርቶዶክሳዊውና ወንጌላዊው ክርስቲያን በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ የአምልኮ ሥርዓታቸው ቢለያይም በዚህ መጽሐፍ ፊት ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ትሕትና ነው።

ስምንተኛው ሺህና ቀዩ ሐይቅ

ትዝታውን የጣለ ንባብ ወዴት እንደሚያደርስ ታሪክ ያሳያል። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የተባለ ሰባኪ ከዳንኤል ቍጥሮች ተነሥቶ የጌታን መምጣት ሰበከ፤ ተከታዮቹም ጥቅምት 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ሲጠብቁ ውለው አደሩ፤ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን አለፈ፤ ብዙዎችም በኀዘን ተሰበሩ። በአገራችንም የዓለም ዕድሜ ሰባት ሺህ ነው የሚል አሳብ ከጥንት አለ። በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር በባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5,500 ዓመት ስለሚቈጠር፣ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አለፈው፤ ሰው ግን ዛሬም ክፉ ነገር በሰማ ቍጥር ስምንተኛው ሺህ ነው ይላል። ጌታ ግን ቀኒቱን የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት ተናግሯል።

እንግዲህ በሴቻ አምባ ላይ ቆሞ ቀዩን የአባያን ውኃ የሚመለከት አንድ አንባቢ፣ ባሕር ደም ሆነ የሚለውን ንባብ አስታውሶ ቢደነግጥ ምን እንመልስለታለን? መጀመሪያ፣ ውኃውን ያቀላው ቢላቴና ሌሎች ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያስገቡት ደቃቅ አፈር መሆኑን እንነግረዋለን። ቀጥሎም ወደ ኦሪት ዘጸአት ሰባተኛ ምዕራፍ እንወስደዋለን፤ በዚያ ደም የሆነው የግብፅ ወንዝ ነው፤ ምክንያቱም ፈርዖን ባሪያ ያደረገውን ሕዝብ አልለቅም ማለቱ ነው። ዮሐንስ የግብፅን መቅሠፍት ወስዶ በሮም ላይ ሲናገር፣ ያን ጊዜ የተገፉትን ያየ አምላክ ዛሬም የተገፉትን ያያል ማለቱ ነው። ስለዚህ አንባቢው ከሐይቁ ፊቱን መልሶ፣ በእኔ አገር፣ በእኔ ደጅ የተገፋ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ከመጽሐፉ ጋር የተገናኘው ያን ጊዜ ነው።

ለአንባቢ

የራእይን መጽሐፍ ስታነብ ሦስት ጥያቄ በቅደም ተከተል ጠይቅ። ይህ ምልክት አስቀድሞ በኦሪትና በነቢያት የት ተነግሯል? መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች ከዚህ ምን ሰሙ? እኔስ ዛሬ ከየትኛው መንገድ እመለስ ዘንድ ታዘዝሁ? የፍጻሜን ቀን የሚነግርህ ሰው ቢመጣ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች አስቀድመህ አቅርብለት፤ መልስ ከሌለው አትከተለው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ከሰማይ ስለምትወርደው ስለ ቅድስት ከተማ እንመለከታለን፤ እስከዚያ ድረስ ግን አምስተኛውን ምዕራፍ ከዳንኤል ሰባተኛ ምዕራፍ ጋር ጐን ለጐን አድርገህ፣ ሳትቸኵል፣ ከቤተ ሰብህ ጋር አንብብ። ይህ መጽሐፍ የተጻፈው የፈሩትን ለማጽናናት ነውና፣ አንብበህ ስትነሣ ፍርሃትህ ከጨመረ ገና አልገባህም፤ እንደገና ከበጉ ጀምር።